ቃጫ ውሃ ሲጠጣ፦ ሙቀትና እርጥበት ከእፅዋት ቃጫ የተሠራ ዕቃን የሚያረጁት እንዴት ነው?

ሐምሌ ላይ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ጥር ላይ ያው በር መቃኑ ውስጥ ይላወሳል። በደብረ ብርሃንም በደብረ ሲናም ይህን የማያውቅ ቤት የለም። እንጨቱ በክረምት ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ መልሶ ይሰጠውና ይኮማተራል። ከቃጫ፣ ከገለባ፣ ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተይዘው የሚሠሩ ዕቃዎችም ይህንኑ ጠባይ ይዘው ነው የሚወጡት። ነገር ግን በሩ ሲያብጥ ሁለመናው አብሮ ያብጣል። እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ቃጫ ግን የሚያብጠው እምብዛም ከማያብጥ ሙጫ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ቺፑዱ ጠርዙ ላይ የሚነፋው፣ የቃጫ ጣሪያ ክዳኑ በሁለተኛው ክረምት የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፖዚት የሚባለው ምንድን ነው?

ኮምፖዚት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተዋህደው አንዱ የሌላውን ድካም የሚሸፍንበት ቁስ ነው። ቃሉ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ለሸዋ ሰው አዲስ አይደለም። የጭቃ ቤት ምርጊት ኮምፖዚት ነው። ጭቃ ብቻውን ሲጫኑት ይችላል፤ ሲደርቅና ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሲስቡት ይችላል፤ ሲጫኑት ይታጠፋል። ጭዱ ከጭቃው ጋር ተቦክቶ፣ ቀናት ተብላልቶ ሲመረግ ስንጥቁን ጭዱ ይዞ ያስቀረዋል፣ ጭነቱን ጭቃው ይሸከመዋል።

በፋብሪካና በወርክሾፕ የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። የቃጫ ምንጣፍ ተዘርግቶ ፖሊስተር ወይም ኢፖክሲ የሚባል፣ ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ ነክ ሙጫ ሲፈስበት ቀላል ሰሌዳ ይወጣል። የእንጨት ብናኝ ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር ሲደባለቅ የውጭ ወለል ንጣፍ ይሆናል። የእንጨት ፍርፋሪ ከሙጫ ጋር በሙቀት ሲጨመቅ ቺፑድ ነው። የተከተፈ ቃጫ ከሲሚንቶ ጋር ሲቦካ የጣሪያ ክዳን ይወጣዋል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ። ቃጫ ስንል ከቅጠልም ከግንድም ከገለባም የሚወጣውን ጠንካራ የእፅዋት ክር ሁሉ ነው። ሙጫ ስንል ቃጫውን አቅፎ የሚይዘውን ማንኛውንም ነገር ነው፤ ፕላስቲክም ይሁን ሲሚንቶ። መጋጠሚያ ስንል ደግሞ ቃጫውና ሙጫው የሚነካኩበትን፣ በዓይን የማይታየውን ወለል ነው። አብዛኛው ብልሽት የሚፈጠረው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ቃጫን የሚያስመርጠው ምንድን ነው? ያው መጠን ያለው የመስታወት ቃጫ፣ ማለትም ፋይበር ግላስ፣ ከቃጫ በ1.7 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ቃጫ ቆዳ አያሳክክም፣ ሲቆረጥ መጋዝ አይጨርስም፣ በአጥር ዳርም ይበቅላል። አውሮፓ ውስጥ መኪና ሠሪዎች ከተልባ፣ ለጆንያ ከሚውለው ጁትና ከሲሳል፣ ማለትም በአጥር ዳር ከሚበቅለው ቃጫ፣ የተሠራ ሰሌዳ በበር ውስጠኛ ሽፋንና በመሰል ቦታዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ቦታውን ልብ በሉ። በአብዛኛው ከመኪናው ውስጥ እንጂ ከውጭ አይደለም፤ ምክንያቱም ዝናብ ነው።

ቃጫ ውሃ የሚወድደው ለምንድን ነው?

የእፅዋት ቃጫ በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። ሴሉሎስ ጥንካሬውን የሚሰጠው ረጅም ክር ነው። ሄሚሴሉሎስ ክሮቹን የሚያያይዝ፣ አጫጭርና ልቅ የሆነ ነገር ነው። ሊግኒን ደግሞ ተክሉን የሚያደነድነው ቡናማ ማጣበቂያ ነው። በሲሳል ቃጫ ውስጥ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴሉሎስ ነው።

ሴሉሎስም ሄሚሴሉሎስም በላያቸው ውሃን የሚስቡ ብዙ ኬሚካላዊ እጆች አሏቸው። ከሁሉ ይበልጥ ውሃ የሚጠጣው ሄሚሴሉሎስ ነው፣ ምክንያቱም ልቅ ስለሆነ ውሃው በቀላሉ መሃሉ ይገባል። ሊግኒን ለውሃ ብዙም ግድ የለውም። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ፣ ሲነኩት ደረቅ የሆነ ቃጫ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። 100 ኪሎ ቃጫ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ከዚያ ውስጥ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይጨምራል።

ውሃው ቃጫውን ምን ያደርገዋል? ይህን ሞሰብ የምትሰፋ ሴት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አክርማው ደርቆ ከተሰፋበት ይሰበራል፤ ስለዚህ አስቀድማ ታርሰዋለች። የራሰው አክርማ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ በታጠፈበት ይቀራል። ውሃው በክሮቹ መካከል ገብቶ እርስ በርስ የተያያዙበትን ስላላላቸው ነው። ለሞሰብ ይህ በረከት ነው፤ ሸክም ለሚችል ሰሌዳ ግን ድካም ነው። ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት ነገር መታጠፍ ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር እብጠት ነው። ቃጫ ሲጠጣ በርዝመቱ የሚጨምረው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በውፍረቱ ግን 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊያብጥ ይችላል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ የሚከርረው በዚህ ነው፤ ክሮቹ ሲወፍሩ የገመዱ ጥምዝ ይጠብቅና ገመዱ ያጥራል። ጭነት በገመድ አስሮ ዝናብ የመታው ሰው ቋጠሮው እንዴት እንደሚያስቸግር አይጠፋውም።

ውሃው በየት በኩል ይገባል?

አንደኛው መንገድ ሙጫው ራሱ ነው። ፖሊስተርም ኢፖክሲም ቢሆን ውሃን ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ እጅግ በዝግታ ያሳልፋሉ። ይህ መንገድ የራሱ ሕግ አለው፦ ሰሌዳው እጥፍ ከወፈረ እስኪጠግብ የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ በ20 ቀን የሚጠግብ ከሆነ፣ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ የ6 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ 80 ቀን ይፈጅበታል። ቀጭን ክዳን በአንድ ክረምት የሚጎዳው፣ ወፍራሙ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሁሉ የሚብሰው ነው፤ የተቆረጠ ጠርዝ። ቃጫ ድፍን አይደለም፤ በውስጡ እንደ ስንዴ አገዳ ቀዳዳ አለው። ሰሌዳው በመጋዝ ሲቆረጥ በሺህ የሚቆጠሩ የእነዚህ ቱቦዎች አፍ ይከፈታል። ውሃ በሙጫው በኩል ሲያልፍ ይድሃል፤ በእነዚህ አፎች በኩል ግን እንደ ፋኖስ ክር ራሱ እየሳበ ይሮጣል። አንድ ሰሌዳ ፊቱ አንጸባርቆ ጠርዙ ግን እንደ አበጠ ከንፈር ተነፍቶ ካያችሁ፣ ውሃው የገባው በጠርዙ ነው። ለሚስማርና ለብሎን የተበሳ ቀዳዳም ያው ጠርዝ ነው፤ መሃል ሰሌዳ ላይ ያለ ክብ ጠርዝ። ብዙ ጊዜ ዙሪያው ተቀብቶ ቀዳዳው ይረሳል።

ሦስተኛው ሲሠራ የቀሩ የአየር አረፋዎችና ስንጥቆች ናቸው። የአረፋው ዋና ምክንያት ደግሞ ሳይደርቅ ሙጫ የገባ ቃጫ ነው። 1 ግራም ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ቦታ ይይዛል። በ180 ዲግሪ የቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ እርጥብ ቃጫ ሲጨመር ያ ሁሉ እንፋሎት መውጫ ፍለጋ ሰሌዳውን እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ያደርገዋል። ለእንጀራ ጥሩ ነው፤ ለሰሌዳ ግን ዓይኑ ሁሉ የውሃ ማደሪያ ነው።

ከገባ በኋላ የሚያበላሸው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ቃጫው የሚበሰብስ ይመስለዋል። መበስበስ አለ፣ ግን የሚመጣው በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚፈታው መጋጠሚያው ነው።

ነገሩን በቅርብ እንየው። አንድ ቃጫ በሙጫ ታቅፎ ተቀምጧል። ውሃ ደረሰውና ማበጥ ጀመረ። ሙጫው ቦታ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ቃጫው ዙሪያውን ይገፋል። ግፊቱ ሲበዛ በቃጫው ዙሪያ ከፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ከዚያ ጥቅምት ይመጣል፤ ፀሐይ ይወጣል፣ ቃጫው ይደርቅና ይኮማተራል። አሁን ግን ሙጫውን ይዞ አይኮማተርም፤ ተላቅቆ ነው የሚኮማተር። በቃጫውና በሙጫው መካከል ክፍተት ቀረ። በሚቀጥለው በልግ ወይም ክረምት ውሃው በሙጫው በኩል መድኸት አያስፈልገውም፤ በዚያ ክፍተት በቀጥታ ይገባል። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ቦታ ይልቅ እየራሰ የሚደርቅ ቦታ ብዙ ጊዜ የበለጠ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳትን መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ይመለሳል፣ ሌላው አይመለስም። ቃጫው በውሃ መለስለሱ ይመለሳል፤ ሰሌዳው ሲደርቅ ግትርነቱ በከፊል ይመጣል። መጋጠሚያው መላቀቁና ሙጫው መሰንጠቁ ግን ቢደርቅም አይመለስም። ልብ ማለት የሚገባው ሌላም አለ፦ እርጥብ ሰሌዳ አንዳንድ ጊዜ ሲመቱት ከደረቁ ይልቅ ሳይሰበር ይታጠፋል። ይህን አይቶ «ጠነከረ» የሚል አለ፤ አልጠነከረም፣ ለሰለሰ እንጂ።

ከዚህ በተጨማሪ ውሃው ከቃጫው ውስጥ የሚሟሟውን ነገር ይዞ ይወጣል። የቃጫ ሰሌዳ የተነከረበት ውሃ ሻይ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቆይቶ ደግሞ ሻጋታና አብስባሽ ፈንገስ ይመጣል፤ ፈንገስ እንጨት ነክ ነገርን ለመብላት በውስጡ ያለው እርጥበት 20 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከተያዘ አይነሳም።

ሙቀቱስ ምን ይጨምራል?

ሙቀት ሦስት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ውሃውን ያሯሩጠዋል። እንደ ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ውሃ በሙጫ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ማንኛውም እንዲህ ያለ ሙጫ ከመስታወት ወደ ጎማ የሚቀየርበት የሙቀት ልክ አለው፤ የልስላሴ ልክ እንበለው። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ የልስላሴ ልኩ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ገጽ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ሙቀትና እርጥበት ይተባበራሉ፦ ሙጫው የጠጣው ውሃ የልስላሴ ልኩን ዝቅ ያደርገዋል። ደርቆ ሳለ እኩለ ቀንን የሚችል ሰሌዳ ጠጥቶ ሳለ ላይችል ይችላል። ጠዋት ዝናብ፣ ቀትር ላይ ብርቱ ፀሐይ ያለበት ቀን ከሁሉ የከፋው ቀን ነው።

ሦስተኛው ኬሚካላዊ ነው። ፖሊስተር በውስጡ ውሃ ሊቆርጠው የሚችል ማያያዣ አለው፤ ሙቀት ሲጨመር ቆረጣው ይፈጥናል። ለቺፑድ የሚውለው ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ የሚባለው ሙጫ ደግሞ ከሁሉ ደካማው ነው፤ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙት ይፈርሳል።

ቃጫው ራሱ ግን ከተለመደው የአየር ሙቀት ምንም አይሆንም። የሚፈራው በፋብሪካ ነው። ሄሚሴሉሎስ ከ200 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ መፍረስ ስለሚጀምር፣ ቃጫ ያለበት ፕላስቲክ ከ200 በታች መሠራት አለበት። በ165 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው ፖሊፕሮፒሊን የሚስማማው፣ ለውሃ ጠርሙስ የሚውለው ከ250 በላይ የሚቀልጥ ፕላስቲክ የማይስማማው ለዚህ ነው። ሰሌዳው ጠቁሮ የተቃጠለ ስኳር ከሸተተ ቃጫው ሲሠራ ተቃጥሏል ማለት ነው።

ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት፦ አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት ዕጣ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ጣርማ በር አለ፤ በመኪና መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሁለቱ ግን ለአንድ ሰሌዳ ሁለት ዓለም ናቸው።

ጥያቄው የትኛው ቦታ ብዙ እርጥበት አለ የሚለው ብቻ አይደለም። ቃጫ የሚከተለው በአየሩ ውስጥ ስንት ግራም ውሃ እንዳለ ሳይሆን አየሩ ምን ያህል እንደሞላ ነው። እስከ አፉ የሞላ ማሰሮ ሲነኩት ያፈሳል፤ በግማሽ የጎደለ ጋን ከማሰሮው የበለጠ ውሃ ይዞም አያፈስም። በ10 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር መያዝ የሚችለው 9 ግራም ያህል ውሃ ነው። በ30 ዲግሪ ግን 30 ግራም ያህል ይይዛል። ነሐሴ ላይ ጉም የሸፈነው የደብረ ብርሃን ጠዋት በ9 ግራም ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሸዋ ሮቢት ቀትር 15 ግራም ይዞ በግማሽ የጎደለ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ብዙ የሚጠጣው የደብረ ብርሃኑ ሰሌዳ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ግን ያገኘውን ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሙጫው ቶሎ ያረጃል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሙቀቱም እርጥበቱም ለሻጋታ ይስማማል።

ደብረ ብርሃን ሌላ ፈተና አላት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ብሩህ ፀሐይ። ከሰው ትንፋሽና ከምድጃ የሚወጣው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ጣሪያ በታች ጠል ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ ክዳኑ ዝናብ በሌለበት ወርም ከውስጥ ይርሳል። በስንጥቅ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ይጨምራል፤ ስንጥቁንም ትንሽ ያሰፋዋል። በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ወቅቱ ግን ብዙ ሌሊት አለው።

ብርዱ ሰሌዳው ገና ሲሠራም ይጎዳል። ከ15 ዲግሪ በታች ፖሊስተር በአግባቡ አይደርቅም፣ ኢፖክሲ ደግሞ እንደ ማር ወፍሮ ቃጫው ውስጥ አይገባም። በእንዲህ ያለ ጠዋት የሚደረገው የተለመደ ስሕተት ሃርድነሩን፣ ማለትም ሙጫው እንዲደርቅ የሚቀላቀለውን ፈሳሽ፣ ማብዛት ነው። ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ በኢፖክሲ ላይማ ልኩን ማዛባት ሰሌዳውን ለዘለዓለም ለስላሳ ያደርገዋል። ትክክለኛው ክፍሉንና ሙጫውን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማሞቅ ወይም ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው።

በሲሚንቶ ውስጥ ያለ ቃጫስ?

ይህ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ጠላቱ ውሃው ብቻ አይደለምና። እርጥብ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካሊ ነው፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ሆኖ እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚበላ፤ የአልካሊነት መለኪያው ፒኤች ከ12 ይበልጣል። ይህ አልካሊ ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስን ቀስ በቀስ ይበላል፣ ከሲሚንቶው የሚመጣ ኖራም በቃጫው ቀዳዳ ገብቶ ይጋገራል። ቃጫው እንደ ደረቅ ብስኩት ይሆናል። ክዳኑ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ሲረገጥ ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሰበራል። ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ያረጀ የቃጫ ሲሚንቶ ክዳን ላይ በቀጥታ አይረገጥም፣ ጣውላ ተነጥፎ በጣውላው ላይ ነው የሚኬደው። ሲሠራ የሚረዳው ፖዞላና፣ ማለትም እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ዱቄት፣ ያለበትን ሲሚንቶ መጠቀም ነው፤ ፖዞላናው ኖራውን ስለሚበላው አልካሊነቱ ይቀንሳል። ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም።

ቺፑድ ከረጠበ በኋላ ቢደርቅ ለምን አይመለስም?

ቺፑድ ሲሠራ የእንጨቱ ፍርፋሪ በብርቱ ጫና ተጨፍልቆ ነው የተያዘው። ውሃ ሲያገኝ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ፍርፋሪው ያብጣል፣ በተጨማሪም የተጨፈለቀው ወደ ድሮ ቅርጹ ይፈነጠራል፤ የያዘው ሙጫም ይላቀቃል። ሲደርቅ የመጀመሪያው ይመለሳል፣ ሁለተኛው አይመለስም። የወጥ ቤት ቁም ሣጥን እግሩ ሥር የሚነፋው ወለሉ ሲታጠብ ባልተሸፈነው የታችኛው ጠርዝ በኩል እየጠጣ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከመገጠሙ በፊት የታችኛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ በቫርኒሽ ወይም በዘይት ቀለም መቀባትና ከወለሉ ላይ በእግር ማንሳት። ከተነፋ በኋላ የሚደረግ ጥገና ግን የለም፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይቀየራል።

ሲሠራ ምን ቢደረግ ይቆያል?

ከሁሉ የሚቀድመው ማድረቅ ነው። ቃጫው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለ ማድረቂያ ውስጥ ለበርካታ ሰዓታት ይቆይ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። የደረቀው ቃጫ ክረምት ላይ አየር ላይ ከዋለ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል፤ ስለዚህ በጥብቅ ፕላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ፣ የሚወጣውም ሙጫው ተዘጋጅቶ ሲጠበቅ ነው። ይህ አንድ እርምጃ ብቻ በትክክል ቢሠራ አብዛኛው አረፋ አይፈጠርም።

ቀጥሎ በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ነው። ዓላማው የቃጫውን ሰምና ከሄሚሴሉሎሱ የተወሰነውን አውጥቶ ገጹን ሻካራ ማድረግ ነው፤ ሻካራ ገጽ ሙጫን ይይዛል። 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፤ ይህም 5 በመቶ ገደማ ነው። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስስም፤ ይፈላና ዓይን ያጠፋል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን እየበላ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል። ለ1 ኪሎ ቃጫ ከ15 እስከ 20 ሊትር ያስፈልጋል፣ በክፍል ሙቀት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይነከራል። ከዚያ ውሃው ሲነካ ማሟለጩ እስኪቀር ደጋግሞ ይታጠባል፤ መጨረሻ ላይ በጥቂት ኮምጣጤ ታጥቦ እንደገና በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ሶዳውን ማብዛት ወይም ማሳደር ቃጫውን ራሱን ያዳክመዋል።

የሙጫው ምርጫ በቦታው ይወሰናል። ለውጭ ከተራ ፖሊስተር ይልቅ ቪኒል ኢስተርና ኢፖክሲ ውሃና ሙቀትን ይቋቋማሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ፖሊፕሮፒሊን ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዘይት ነክ ስለሆነ ከቃጫ ጋር አይዋደድም። ስለዚህ ማሌይክ የተባለ ኬሚካል የታከለበት ፖሊፕሮፒሊን ከ2 እስከ 5 በመቶ ይጨመርበታል፤ በአንድ ጎኑ ቃጫውን በሌላው ፕላስቲኩን ይዞ ያስታርቃቸዋል። የቃጫውን መጠን በጣም ማብዛትም አይጠቅም። ቃጫው ሲበዛ ሙጫው ሁሉንም መሸፈን ያቅተዋል፣ እርስ በርስ የተነካኩ ቃጫዎችም ለውሃ መንገድ ይሆናሉ። በእጅ ለሚሠራ ሰሌዳ ከክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ቃጫ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከደረቀ በኋላ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ዳግም ማሞቅ የልስላሴ ልኩን ከፍ ያደርጋል። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ፀሐይ ይህ መዝለል የሌለበት እርምጃ ነው። ከዚያ ጠርዙ ሁሉና ቀዳዳው ሁሉ በሙጫ ይታሸጋል። ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይበሳ፣ ሙጫ ይቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ነው ብሎኑ የሚገባው። ሲገጠም በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይተው፣ የታችኛው ጠርዝም ከመሬት ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ። የጭቃ ቤት በድንጋይ መሠረት ላይ የሚቆመው ለዚሁ ነው፤ የግድግዳን ግርጌ ይበልጥ የሚበላው በቀጥታ ከሰማይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከመሬት የሚፈናጠቀው ነው።

አንድ ሰሌዳ እንደሚቆይ በምን ይታወቃል?

ላቦራቶሪ ሳይኖርም ብዙ ማወቅ ይቻላል። የሚያስፈልገው የአንድ ግራም መቶኛ የሚለይ የወርቅ ሚዛንና ትዕግሥት ነው። ከሰሌዳው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጮች ይቆረጡ። የሦስቱ ጠርዝ ይታሸግ፣ የሦስቱ ክፍት ይተው። ሁሉም በ50 ዲግሪ አንድ ቀን ይድረቁና ይመዘኑ፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይግቡ። በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ9ኛው፣ በ16ኛውና በ25ኛው ቀን ወጥተው፣ ላያቸው በጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይመዘኑ።

ቀኖቹ እንዲህ የተመረጡት በምክንያት ነው። ውሃው በሙጫው በኩል ብቻ የሚገባ ከሆነ የክብደቱ ጭማሪ እጥፍ ለመሆን አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ቀን 2 በመቶ ከጠጣ በ4ኛው ቀን 4፣ በ9ኛው 6 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ በኋላ ይጠግብና ይቆማል። ከዚህ በእጅጉ ፈጥኖ ከጠጣ በጠርዝ ወይም በአረፋ በኩል ነው፤ የታሸጉትና ክፍቶቹ መካከል ያለው ልዩነት የትኛው እንደሆነ ይናገራል። መቆም ሲገባው አሁንም እየጨመረ ከሄደ ውስጡ እየተሰነጠቀ ነው። ከጨመረ በኋላ መቀነስ ከጀመረ ደግሞ የቃጫው ወይም የሙጫው አካል እየሟሟ እየወጣ ነው።

በሌላ በኩል አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ በሁለት ጡብ ላይ ይጋደም፣ በጡቦቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መሃሉ ላይ 1 ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ይንጠልጠልና ምን ያህል እንደሚጎብጥ በማስመሪያ ይለካ፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ይህ ሦስት ጊዜ ይደረጋል፦ ደረቅ ሳለ፣ ከጠገበ በኋላ፣ እንደገና ከደረቀ በኋላ። ሦስተኛው ልኬት ወደ መጀመሪያው ከተጠጋ መለስለስ ብቻ ነው የነበረው። ካልተመለሰ ግን መጋጠሚያው ተላቅቋል ማለት ነው፤ ያንን ሰሌዳ ለውጭ ማዋል አይገባም።

የሚቸኩል ሰው በማፍላት ይፈትናል፤ የኮምፔንሳቶ ሙጫ የሚፈተነውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ሠሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 እና በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል ከፍታ የተጻፈ የማፍላት ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ቀለል ያለ ፈተና ይሆናል፤ እዚያ ያለፈ ሰሌዳ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ቢፈተን ሊወድቅ ይችላል። ክዳን የያዘ ድስት ይህን ያህል አይለውጠውም፤ ክብደቱ ያለበት ፕሬዠር ኩከር ግን ከ100 ያልፋል፣ እሱም ሌላ ፈተና ነው። ሁለት ሰሌዳዎችን ማወዳደር ከተፈለገ ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ድስት፣ እኩል ሰዓት ይፍሉ።